ሽቅብ ያየው ዲሽ

«እውነት ይሄ ዲሽ ከዚያ ማዶ ያናግራል?» አለ ጃዕፈር፣ ጀልባዋን ከባቱ ሐይቅ ዳርቻ እየገፋ።

ሊዲ ተሳፍራ ተቀመጠች። ባሕር ማዶ፣ ሩቅ ሰሜን ባለ ብርድ አገር ተምራ አዳማ ከገባች ወዲህ፣ ለምን እንደተመለሰች ብዙዎች ይጠይቋታል። ኔትወርክ በማይደርስበት ደሴት ላለው ጤና ኬላ የሚተከለውን የሳተላይት ስልክና ኢንተርኔት ዲሽ ጭኗ ላይ አቀፈች።

ሐይቁ ወተት መስሎ ተኝቷል። ደሴቷ በጭጋጉ ውስጥ ቀረበች ስትባል ትሸሻለች። ድንገት ውኃው አበጠ፤ የጉማሬ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ጀልባዋ ዘመመች።

«እንዳትነቃነቂ!» አለ ጃዕፈር በሹክሹክታ። «ሰውየው ቴሌቪዥን አይወድም።»

ጉማሬው በረጅሙ ተንፍሶ ሰጠመ። ሳቃቸው የመጣው መሬት ሲረግጡ ነው። እሱም አልቆየም፤ ነርሷ የሺዓለም እየሮጠች ደረሰች።

«ጃዕፈር፣ ፋዲላን ምጥ ይዟታል። ልጁ በጎን ነው የመጣው፤ ሆስፒታል ካልደረሰች ሚስትህንም ልጅህንም እናጣለን። በዚህች ጀልባ ደግሞ መሻገሩ አይሞከርም።»

የሞተር ጀልባው ያለው ማዶ ነው። ነፋስ ከአሉቶ ተራራ በኩል ተነሥቶ ሐይቁን ይገለብጥ ጀምሯል። ጃዕፈር ወደ ሊዲ ዞረ።

«እህቴ፣ ያናግራል?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ እውነቷን ነው።

«ክንዴስ አለ» አለና መቅዘፊያውን አነሣ። «ቢስሚላህ!» የሞተር ጀልባውን ሊጠራ ማዕበሉ ውስጥ ገባ።

ሊዲ የጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ወጣች። ዲሹን ወደ አድማሱ ዝቅ አድርጋ ታዞር ጀመር።

«ኔትወርክ አለ?»

«የለም!» ትላለች የሺዓለም ከውስጥ፣ ከዲሹ ጋር የተያያዘውን መሣሪያ እያየች።

«አሁንስ?»

«የለም አልኩሽ እኮ!»

ነፋሱ ዲሹን እንደ ሸራ ነፍቶ በጀርባዋ ጣላት። እንደተንጋለለች አየች፤ አንድ ንስር ልክ አናቷ ላይ፣ የተሰቀለ ያህል ቆሟል። እጇ የለመደው የሰሜኑን ሰማይ ነበር። እዚያ ሳተላይቱ እንደ ብርድ አገር ፀሐይ ከአድማስ ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ግን አናት ላይ ነው። እስካሁን የፈለገችው የሌላ አገር ሰማይ ላይ ኖሯል።

ተነሥታ ዲሹን ዝናብ እንደሚቀበል ሳህን ሽቅብ አጋደመችው። የጥፍር ያህል ገፋችው። ደግማ ገፋችው።

«መጣ! ሊዲዬ፣ መጣ!»

ጀምበር ሳትጠልቅ የሞተር ጀልባው ማዕበሉን ሰንጥቆ ደረሰ።

«ጃዕፈር ነው የላካችሁ?» አለች ሊዲ።

«ጃዕፈርን ማን አየው? እናንተ ደውላችሁ ነው እንጂ!»

የሺዓለም ፋዲላን ደግፋ አብራት ተሻገረች። ሊዲ ከዲሹ ጋር ቀረች። ነፋሱ ተኝቶ ሲነጋጋ ከሆስፒታሉ ወሬው መጣ። ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦

«ጃዕፈር ወንድሜ፣ ያናግራል። ሴት ልጅ ናት፤ እናቲቱም ደህና ናት። የት ደረስክ?»

ላከችው። ሐይቁ ወተት መስሎ ተኝቷል። መልስ አልመጣም።