ሁለት ጉርሻ በተዘጋው ፋብሪካ

ይህን ታሪክ ብዋሽ የምከፍተው አምቦ ውኃ ሁሉ ጋዙ ይጥፋበት። ከላይ እስከ ታች እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት። ጉደር። መስቀል አራት ቀን ቀርቶታል።

ባለሱቋ ነዒማ ቁልፉን ግማሽ ኪሎ ስኳር ውስጥ ቀብራ በባንኮኒው ላይ ገፋችለት።

«ስኳሩ ጥሩ ነው?» አለ ሞረድ።

«ከቅቤው ይሻላል።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሞረድ የሰላይነት ስሙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን እኔም አላውቅም። አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ኪሱ ውስጥ «ዶርቃስ የሠርግ ፎቶ» የሚል ካርድ። የዘንድሮ ሙሽራ የፈረሰ ግድግዳ ተደግፎ ካልተነሳ ያገባ አይመስለውም። እና ተዘግቶ አሥር ዓመት የሞላው ዘይት ፋብሪካ ቢያነሳ ማን ይጠረጥረዋል?

«ወንድሜ፣ ሳላውቅ የሸጥኩት ቅቤ የጎረቤቶቼን ልጆች አልጋ ላይ ጥሏቸዋል» አለች ነዒማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጠዋት ደግሞ መኪና ሙሉ ለመስቀል ገበያ ይወጣል። አደራ።»

በቁልፉ የፋብሪካውን የጓሮ በር ከፍቶ ገባ።

ሽታው ተቀበለው። የሞተ ነገር ሽታ፣ ኮረሪማ የተነሰነሰበት።

ቀጭ። በርሜል ሙሉ የከረመ ሞራ። ቀጭ። የበሰበሰ ሙዝ። ቀጭ። የበር ቀለም፣ ቢጫው። አንድ ጎልማሳ ሱሪውን ሰብስቦ ሁሉንም በባዶ እግሩ ያቦካል። ላቡ ከአገጩ ወደ ገንዳው ጠብ ጠብ ይላል። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም።

ጥፍሩ የት እንደገባ ሞረድ ማሰብ አልፈለገም።

ኮቴ!

የባቄላ ክክ የምታህለውን ሜሞሪ ነቅሎ ምላሱ ሥር ከተታት። ቀድሞ ያዘጋጃትን ሌላ ሰካ።

«አካም ጅርታ፣ ፎቶግራፈር!»

ኦቦ ከበበው ነበር፤ የቅቤው ጌታ። ከኋላው ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች። ካሜራውን ተቀብሎ ጎረጎረ። መስኮት። ግድግዳ። መስኮት።

«ቆንጆ ነው። እንግዳ ግን ሳይቀምስ አይሄድም።»

ሳህን ቀረበ። ጭኮ። የገብስ ዱቄት፣ በዚያው ቅቤ የታሸ።

«ጾም ነኝ።»

«ማክሰኞ?»

የከበበው ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«ካሜራ የያዘ ሰው መጣ?»

ሞረድ ድምፁን ለየው። ሶፎንያስ! ሥራውን የሰጠው የገዛ አለቃው። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ በድምፅ ግን አንዱ ሌላውን ከሺህ ሰው መሀል ይለየዋል።

«መጥቷል፣ አለቃ። ሙሽራ አነሳለሁ ይላል።»

«አናግረኝ በለው። ቅቤውንም አብላው። የኛ ሰው ከሆነ ቢገድሉት አይበላም።»

ስልኩ አፉ ሥር ተደቀነ።

አንድ ቃል ካወጣ አለቀለት።

አፉን ከፈተ። በጣቱ ወደ ጭኮው አመለከተ።

ከበበው ቡጢ የሚያህል አጎረሰው። ቅቤው ላንቃው ላይ ቀለጠ። ሜሞሪዋ ከምላሱ ሥር ተንሸራታ ጉሮሮው በር ላይ ቆመች።

«ምነው ዝም አለ?» ይጮኻል ሶፎንያስ።

«አፉ ሞልቷል፣ አለቃ!»

ከዋጠ መናገር ሊኖርበት ነው። ሞረድ ሁለት ጣቱን አነሳ።

ከበበው በሳቅ ፈነዳ። «አያችሁ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ማለቱ ነው! ሰው ያሳደገው ነው። ኛዱ፣ ብላ!»

«እርስዎስ አይቀምሱም?» አለ አንዱ ባለዱላ።

«እኔን ሐኪም ከልክሎኛል፣ አንተ ደንቆሮ።»

ሁለተኛዋ ከፊተኛዋ በለጠች። ሜሞሪዋን ይዛት ወረደች።

«ሁለት በላ፣ አለቃ። ሦስተኛ ሊለምነኝ ነው።»

«እንግዲያ እሱ አይደለም።» ሶፎንያስ ዘጋው።

ጉደር ድልድይ ሥር ሞረድ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ። ሜሞሪዋ በቢጫው መሀል ብልጭ አለች። ፎቶዎቹ ከሶፎንያስ በላይ ላሉት ደረሱ። ጠዋት መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ፋብሪካው ታሸገ፤ ከበበውና ሶፎንያስ በአንድ ካቴና ተቆራኙ። ነዒማ ቅቤውን መሸጧን አምና መሰከረች፤ ልጆቹ ዳኑ፣ እሷን ግን ሰላም የሚላት ጠፋ። ሱቋን ዘጋች። ሞረድ የሠርግ ካርዱን ቀዶ አዲስ ዓለም በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል የለም።

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ድልድዩ ሥር አላስመለሰም። ሜሞሪዋ ንጋት ላይ፣ መኪናው ሞተር እያሞቀ፣ በተፈጥሮ መንገዷ ነው የወጣችው። ያጠባትም እሱ ራሱ ነው።

ለምን አላስመለሰም? ጣፍጦት ነዋ።