ግማሽ ዙር

ተመራማሪዋ ግድግዳ አልፋ ታያለች ብል አላጋነንኩም። ባልደረባዋ የሁለት ዓመት ድካሟን በራሱ ስም ካሳተመው ወዲህማ ጥላዋንም አታምንም።

ሥራዋ ከሽምብራ ፕሮቲን ብናኝ ማውጣት ነው። አንድ ሚሊዮኑ መርፌ ጫፍ ላይ ቢጨፍር ቦታ ይተርፈዋል! ብናኙ ሆዱ ውስጥ የካሮት ቀለም ይሸከማል፤ ሰውነትን ከጉዳት የሚጠብቀው ይህ ቀለም ግን ፀሐይ ካየ አለቀለት። ሽምብራው ይጋርደው ይሆን? ደረቁን ዱቄት በጠርሙስ ሞልታ መስኮት ላይ ደረደረች፤ አንዳንዱ ሽምብራ የለበሰ፣ አንዳንዱ ራቁቱን። «ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዙር ይዞሩ» የሚል ማስታወሻም ለራሷ ለጠፈች። በሠላሳ ቀን ውጤት ካልመጣ ከላቦራቶሪው ትሰናበታለች።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ራቁቱ ዱቄት ባንድ ጎኑ ብቻ ነጥቶ አገኘችው። በየቀኑ እያዞረችው? የሰው እጅ አለበት!

ጥርጣሬዋ ባለመፍቻው ላይ አረፈ። የመሣሪያ ጠጋኙ ነው፤ ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር። ሲያያት አንገቱን ይደፋል፤ ስታልፍ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል?

በማግስቱ ማለዳ ማቀዝቀዣው ጀርባ አደፈጠች። መጣ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያገላብጥ ሰው፣ አዞራቸው።

«ያዝኩህ!»

መፍቻው ወደቀ።

«ማን ልኮህ ነው?»

«ወረቀቱ ነዋ! ከጠረጴዛዬ በላይ ስትለጥፊው ለእኔ መስሎኝ…»

«ለአንተ? መቼ አናግሬህ አውቃለሁ?»

«እሱማ። ለዚህ እኮ ነው አንድም ቀን ያልቀረሁት።»

በጣቷ አሰላችው። እሱ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ዙር፣ እሷ ሁለት ሰዓት ላይ ግማሽ ዙር፤ ጠርሙሶቹ ያን ሁሉ ቀን ያው አንድ ፊታቸው ወደ ፀሐይ!

«ጉድ ሠራኸኝ!»

«ቆይ እስቲ፣ ሽምብራ የለበሱትስ?»

አንዱን አንስታ አገላበጠችው። ካሰበችው እጥፍ ፀሐይ ጠጥቶ፣ ብርቱካናማነቱ ንቅንቅ አላለም። ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ኮስተር አለች።

«ስማ ወንድሜ፣ ብቻህን እንድትነካቸው አላምንህም። ከነገ ጀምሮ አብረን።»

«ካላመንሽኝ ምልክት አድርጊብኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጠርሙስ ላይ በምትጽፍበት ብዕር ነጥብ አኖረችበት። እጁን መልቀቅ ግን ረሳች።

ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ነጥቡ ዛሬም አለ። እሱ «ተአምረኛ ብዕር!» እያለ ላገኘው ሁሉ ይምላል። ጠዋት ጠዋት፣ ተኝቶ ሳለ እንደምታድሰው አንድም ቀን አልጠረጠረም።