በርሜሉን ያጎደለው ልጅ

ሹሙ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ውስጡ የሚዘንብበት የቆርቆሮ ቤት። "ሹሙ" ያሉት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ለምን መሰላችሁ ልጆች? ኩባያውን ከወለል እስኪያነሳ ድረስ ሸረሪት ድሯን አድርታበት፣ ወልዳ ከብዳ ትጠብቀዋለች።

እዚያው ቤት እኩያው የሆነች የአክስቱ ልጅ ነበረች። ጉንዳን ይሏታል፣ ከራሷ የሚበልጥ ስለምትሸከም። ከኋላዋ ስታዩአት ጀሪካን እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላችኋል። የሹሙ እናት ከገጠር ስታመጣት አስተምራታለሁ ብላ ምላ ነበር። ጉንዳን ግን እስካሁን የተማረችው የድስት ቂጥ መፈግፈግ ብቻ ነው። ሹሙ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እሷ ካልሲውን ይዛ ትቀራለች። እሱ ወንድ ነው፣ እሷ ሴት ናት፣ አለቀ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

አንድ ዓመት ግን ለምና ለምና አክስቷን አሸነፈቻት። የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ዋዜማ ሆነ። አክስቷም፣ ነገ ሽንኩርቴን ሸጬ ስመለስ በርሜሉ ሞልቶ ካገኘሁት ወስጄ አስመዘግብሻለሁ፣ ካልሞላ ግን ወሬውም አይነሳ አለቻት።

ጉንዳን ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ከቧንቧው ቤት፣ ከቤት ቧንቧው ስትመላለስ እሷ ሳትሆን መንገዱ ደከመው። በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ ከጎረቤት ቀሚስ ልትዋስ ስትወጣ ሹሙን፣ "ወንድምዬ፣ ዛሬን ብቻ አደራህን፣ ውሃውን እንዳትነካብኝ" አለችው።

"ምን ሊያደርግልኝ?" አላት።

እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ አላማረውም። ወዲያው ግን ኳሱ ጭቃ ውስጥ ገባች። አንድ ጣሳ ውሃ ምን ይጎዳል አለና አጠባት። ቀጥሎ እግሩን ታጠበ። ቀጥሎ ጓደኞቹ መጡና መረጫጨት ተጀመረ፤ ግቢው ዓሣ ሊረባበት ምንም አልቀረው። ሹሙ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ልጆች። ውሃ እዚያው በርሜል ውስጥ የሚበቅል ይመስለው ነበር እንጂ።

እናቱ መጥታ በርሜሉን ስታንኳኳው ባዶውን ጮኸ። ጉንዳን የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። እናቱ ጭቃውን አየች፣ ሹሙን አየች፣ ውሃው የት ገባ ብላ ጠየቀች።

ሹሙ ዱላውን ፈራ። "ጉንዳን ናት፣ እማዬ። ልብስ አጥባ ደፋችው።"

ጉንዳን አየችው። የሷን ቃል ማን ሊሰማ? ቀሚሱን አውልቃ፣ አጥፋ አስቀመጠችና ጀሪካኑን አነሳች። በርሜሉ እንደገና ሲሞላ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

በማግስቱ ሹሙ ቁርሱን ገፍቶ ተነሳ። እያለቀሰ ለእናቱ ተናዘዘ። ዱላ ጠበቀ፤ እናቱ ግን ሽንኩርት ማዳበሪያዋ ላይ ቁጭ አለችና፣ "በርሜል ይሙላ ያልኳትስ እኔ አይደለሁ?" አለች። ተያይዘው ትምህርት ቤት ሮጡ። መዝጋቢው ቢሮውን እየቆለፈ ነበር። ቦታው ሞልቷል፣ ለከርሞ ኑ አላቸው። ሹሙ የኔን ቦታ ስጧት ብሎ ለመነ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ቤት ሲመለሱ ጉንዳን ትጠርጋለች። ሹሙ እግሯ ላይ ወደቀ። "ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። "አሁን ተነስልኝ፣ የተንበረከክበትን ልጥረገው።"

በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። መጥረጊያውን ከእጇ ወስዶ ጠረገ፤ ጀሪካኑንም አንስቶ ወጣ። ልጆች በመንገድ ሴታሴት እያሉ ሳቁበት፤ እሱም በየቀኑ መሸከሙን አልተወም። ምዝገባው ግን እንደተዘጋ ነው፣ ጉንዳንም ያን ዓመት ቤት ዋለች።

እንግዲህ ልጆች፣ የቤት ውስጥ ሥራ የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ አይደለምና አብራችሁ ሥሩ፤ ያጠፋችሁትንም ጊዜው ሳያልፍ ተናገሩ፤ ይቅርታ ልብን ይመልሳል እንጂ ያመለጠን ቀን አይመልስም።