አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ

ጎርፉ የሸለቆውን መንገድ ቆርጦ ከወሰደው ሁለት ቀን ሆኖታል። መኪና አያልፍም። ከተራራው ማዶ ደግሞ የስኳር መርፌ መድኃኒቷ ያለቀባት የአሥር ዓመት ልጅ አለች። ነርሷ ኢቶ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አዘለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች፤ ብስክሌት ጠጋኙ ኢዴር መንገዱን ሊያሳያት ከፊት ቀደመ።

ኢዴር በአትላስ ተራሮች ሥር ስሙ የተጠራ ነው። ሌሎች የብስክሌት ካቴናን መላላት በመለኪያ ሲያዩ እሱ በአውራ ጣቱ ዳብሶ ይፈርዳል። ትናንት የኢቶን አሮጌ ካቴና አውልቆ አዲስ አስገባላት። አንድ ሌላ ጠጋኝ «ካቴናው የሚነክሳቸው የኋላ ጎማው ጥርሶችም ይቀየሩ፣ ተበልተዋል» ሲል ኢዴር «ገና ዓመት ይሠራሉ» ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀበት። ወዲያው ጎንበስ ሲል የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መንጠቆ መቆልመሙን አየ። አየና ዝም አለ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ በረዶ ወረደባቸው። ጭቃው ጎማ ይይዛል። ኢቶ ተነሥታ በኃይል ስትረግጥ ካቴናው ጓ ብሎ ጥርሱን ዘለለ፤ ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተላተመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይከዳኛል!»

«እግርሽ ነው! ቀስ ብለሽ ርገጪ።»

ይህን ሲል ኀፍረት ፊቱን አቃጠለው፤ ዞሮም አላያትም።

ከእረኞች በረት ሦስት ውሾች ተወርውረው ወጡ። ኢዴር ፈትለክ ብሎ አመለጠ። ኢቶ ልትከተለው ስትረግጥ ካቴናው እንደገና ዘለለና ድንጋይ ላይ ተዘረረች። ኢዴር ጩኸቷን ሰምቶ ተመለሰ፤ በድንጋይ እየወገረ ውሾቹን አባረራቸው። መድኃኒቱ ተርፏል፤ ጉልበቷ ግን ተሰንጥቆ ይደማል።

«አሁንም እግሬ ነው?»

አንገቱን ደፋ። «አይደለም። ጥርሱ አልቋል፤ አዲስ ካቴና አይቀበልም። አሮጌውን ብተውልሽ እንኳ ያደርስሽ ነበር፤ አብረው ያረጁ ናቸው።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት አፍሬ ነው።»

«ወላሂ፣ ልጅቷ ብትሞት…» አለችና ተወችው። ጊዜ አልነበራትም።

«የኔን ውሰጂ» አላት፤ ቀሪውን መንገድም አመለከታት።

ኢቶ ሄደች። እሱ የእሷን ብስክሌት እየገፋ ዳገቱን ጨርሶ በማዶ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ከደረት የሚደርሰውን ወንዝ ብስክሌቱን ተሸክሞ ተሻገረ። በማግስቱ ከሰዓት መንደሩ ሲገባ ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ዳቦ ትበላለች። አባቷ ሮጦ እጁን ያዘው።

«እጅህ ይባረክ! ኢቶ ‹ያደረሰኝ የኢዴር ብስክሌት ነው› ብላናለች።»

ኢቶ ጉልበቷን እንዳሰረች ተቀምጣለች። ሌላውን አልነገረቻቸውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር፤ ያላስቻለውም ይኸው ነው።

«ይሄ እጅ ነው የጣላት» አለ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ። «ጥርሱ ማለቁን አይቼ ለስሜ ስል ደበቅኩ። ልጅህን ልገድላት ነበር።»

አባትየው የያዘውን እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ «ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ» አለው፤ እጁን ግን ዳግመኛ አልባረከለትም።