እርጥብ ጓንት

«ደርሷል ይላል እኮ!» ድመት ስልኳን የጥበቃው አፍንጫ ሥር ደቀነች። «ይኸው ፎቶው! ጥቅሉ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

ጥበቃው መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን አዩና የሕንፃውን የጋራ ፖስታ ሳጥን እንደገና ከፈቱት። አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። «ቁልፉ በየቤቱ አለ ልጄ። ማን ከፍቶ ማን እንደዘጋ እኔ በምን ልወቅ?»

ድመት ያበደችው ወድዳ አይደለም። ጥቅሉ ውስጥ የበረኛ ጓንት አለ፤ እረፍቷን ሙሉ የጎረቤት ልጆች እያስጠናች ባጠራቀመችው ገንዘብ ከኢንተርኔት ያዘዘችው። ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ ነው። ድመት የተባለችውም ኳስ ለመያዝ በምትዘለው ዝላይ ነው እንጂ እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሌባ መሰላት። የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ ከረጢት ይዞ ሲወጣ ከረጢቱን በዓይኗ በረበረችው። የጎረቤቱ ተማሪ እጁን ኪሱ ሲከት ኪሱን አየች፤ የበረኛ ጓንት ኪስ ውስጥ እንደማይገባ እያወቀች!

ጓደኛዋ ሽቦ ግን የጠረጠረችው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽቦ የምትኖረው እነ ድመት ካሉበት አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው፤ በቅጥነቷ ነው ስሙ የወጣላት፤ የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛም ናት።

«ጥበቃው ነዋ!» አለች። «እጀ አመለኛ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ።»

የድመት እናት ይህን ሲሰሙ ቱግ አሉ። «ነገ ለሕንፃው ኮሚቴ ነግሬ ባላስባርረው!» እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

አመሻሹ ላይ ድመት የሒሳብ መልመጃ ልትጠይቅ ወደ ሽቦ ቤት ወጣች። ሽቦ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ግቢ» አላለችም። ሁልጊዜ ጎትታ ነበር የምታስገባት።

በትከሻዋ በኩል በረንዳው ይታያል። ገመዱ ላይ ፎጣ ተሰጥቷል፤ ከፎጣው ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውኃ አለ። ነፋሱ ፎጣውን ገለጥ ሲያደርገው ወፋፍራም ጣቶች ብቅ አሉ፤ አረንጓዴ፣ አዲስ።

አዲስ የበረኛ ጓንት ከመደረጉ በፊት ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ አለበለዚያ ኳስ ያንሸራትታል። ይህን ለሁለቱም ያስተማረቻቸው የቡድኑ አሠልጣኝ ናት። ሽቦ ደግሞ ጓንት የላትም። ልምምድ ላይ የምታደርገው አውራ ጣቱ የተቀደደውን የድመትን አሮጌ ጓንት ነው፤ ያውም በውሰት።

የድመት ደም ፈላ። «አንቺ ሌባ!» ልትል አፏን ከፈተች። ሽቦ ዓይኗን ድመት ላይ እንደተከለች ፊቷ አመድ መሰለ። ያኔ ድመት አንድ ነገር ትዝ አላት። አዲሱን ያዘዘች ቀን ሽቦ በቡድኑ ፊት «እንግዲያው አሮጌውን ለኔ» ብላት ነበር። ድመትም «ለተጠባባቂ ጓንት ምን ያደርግላታል? ወንበር ላይ እንዳይበርዳት?» አለች። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሽቦም ስቃ ነበር፤ ድመት ስቃለች ብላ አልፋው ነበር።

አሁን አፈረች። ንዴቱም ግን አልለቀቃትም።

«ሽቦ» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ነገ ጥበቃውን ልታስባርር ነው። ሰውየው ምንም አላደረጉም።»

«እኔ ምን አገባኝ?» የሽቦ ድምፅ ተሰበረ።

«ጠዋት ከእናቴ ጋር ሳጥኑን እንደገና እናየዋለን። ኮሚቴው ጋ ከመሄዷ በፊት።»

ሽቦ በሩን ዘጋች። ድመት መልመጃውን ሳትጠይቅ ወረደች።

ቤቷ ገብታ አሮጌውን ጓንት ከአልጋ ሥር አወጣች። የተቀደደውን አውራ ጣት በመርፌና ክር ሰፋችው፤ ስፌቱ የዶሮ ጭረት መሰለ፤ ግን ጠበቀ። የእጅ አንጓው ላይ «ሽቦ» ብላ ጻፈችና ወርዳ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ቆለፈች።

ከውጭ በር ላይ ጥበቃው ድምፃቸውን አሰሙ። «አገኘሽው እንዴ ልጄ?»

«ገና ነው ጋሼ። ጠዋት ሳላገኘው አልቀርም።»

ደረጃውን ስትወጣ እግሯን እያንኳኳች ነው የወጣችው። ቤቷ ስትደርስ፣ ሳጥኑ ጋ ማንም እንደሌለ ላይኛው ፎቅ ድረስ እንዲሰማ፣ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው።