በድልድዩ ላይ የተነፋው ክላክስ

ዳርሶኖ የተገኘው ከድልድዩ በታች፣ ገደል ውስጥ፣ በአባቱ አሮጌ ጂፕ መሪ ላይ ተደፍቶ ነበር። ፊቱ ጭረት እንኳን የለበትም፤ የተሰበረው የጭንቅላቱ ጀርባ ነው። ይህን ልብ ያለው አልነበረም። አስከሬኑን ያወጡት ሰዎች ገና ጭቃቸውን ሳይታጠቡ ጥፋተኛው ተገኝቷል ተባለ፤ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛው ሙልያዲ። በቅርቡ የጂፑን ሽቦ አቀልላለሁ ብሎ ግማሹን ነቅሎ ጥሎት ነበርና፣ በምሽት ዝናብ መብራቱ ጠፍቶ ሰውየው ገደል ገባ። ነገሩ ይኸው ነው አሉ።

ኢንስፔክተር ራትሚ «ነገሩ ይኸው ነው» የሚል ወሬ አይዋጥላትም። ከማላንግ ከተማ ተልካ እንደደረሰች የታሰረውን ሙልያዲን አስጠርታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ለምን ጣሉት ሽቦውን?»

«ያ ጂፕ እኮ የነካው ሰው ሁሉ አንድ ሽቦ ቀጥሎበት ነው የሄደው። ሬዲዮ ሳይኖረው የሬዲዮ ሽቦ አለው፤ ማሞቂያ ሳይኖረው የማሞቂያ። ግማሹ ተልጦ እርስ በርሱ ይነካካል፤ አንድ ቀን ያቃጥለው ነበር። የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርቼ ለእያንዳንዱ የራሱን ፊውዝ ሰጠሁት።»

«መብራቱ ግን ጠፋ ይላሉ።»

«እኔ የሠራሁት መብራት እንዲህ በዋዛ አይጠፋም» አለ። «ግን ማን ያምነኛል? ከታሰርኩ ልጆቼ ምን ይውጣቸዋል?»

ራትሚ ጂፑ ተጎትቶ በሸራ ተሸፍኖ ወደተቀመጠበት የጣቢያው ግቢ ይዛው ወጣች። ባትሪው ደቅቆ ስለነበር ሌላ አስመጣች። የመብራቱ ማብሪያ አልተበራም፤ እንደተዘጋ ነው። ስታበራው ከውድቀቱ የተረፈው አንድ የፊት መብራት ቦግ ብሎ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ዓይኑን አስጨፈነው። የዝናብ መጥረጊያው ግን አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብላ ከዳሽቦርዱ ሥር ስታይ አንድ ቢጫ ሽቦ በእጅ ተመንጭቆ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ የምን ነው?»

«የመጥረጊያው ነው። ድሮ የመብራቱ ነበር። ጤነኛ ሽቦ ስለሆነ መጣሉ አሳዘነኝና ለመጥረጊያው አዋልኩት።»

ራትሚ የመሪውን መሃል ተጫነችው። ድምፅ የለም። «ክላክሱስ?»

ሙልያዲ እጁን ወደ ሾፌሩ ጉልበት አካባቢ ሰደደና ከሥር የተደበቀች ትንሽ ቁልፍ ነካ። ክላክሱ ግቢውን አናጋው። «የመሪው ተበልቶ ነበር። ይቺን ያሳየሁት ለዳርሶኖ ብቻ ነው።»

«በሉ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ቀጥሎ የመጣው ተጆ ነው፤ ዳርሶኖ በዚያው ሳምንት፣ ጂፑ ጋራዥ ሳለ የቀጠረው ሾፌር። ራትሚ ምንም ሳትነግረው ጂፑ ውስጥ አስቀመጠችውና ክላክስ አድርግ አለችው። የመሪውን መሃል በመዳፉ ደጋግሞ ደበደበው።

«ሞቷል» አለ። «ባለቤቱ ሞቶ ክላክሱ ይተርፋል ብለው ነው?»

ከድልድዩ አፍ ሙዝ እየጠበሱ የሚሸጡት እትዬ ፓይነም ደግሞ ያን ምሽት ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልለው ነበር።

«መብራት የሚባል አላየሁም። ክላክስ ነው የሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መሬቱ ጓ አለ።»

«ዳርሶኖ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ክላክስ ያደርግ ነበር?»

«እሱ? የማይታዩ ባለቤቶች ያሉት ቦታ ነው፣ ክላክስ ነፍተህ አስፈቅደህ እለፍ እያልኩ ስንቴ ተቆጣሁት። ከመርከብ ሥራ ከተመለሰ ወዲህ ልቡ አብጦ፣ ‹መንገዱ የመንግሥት ነው፣ እትዬ› እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያን ምሽት ስሰማ፣ ዛሬስ ልብ ገዛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አይ እኔ።»

ራትሚ አልሳቀችም። ጠዋት እሷም ስታልፍ ሁለት ጊዜ ነፍታለች።

የሟች ታናሽ ወንድም ኩንቾሮ የመጣው በቁጣ ነው። ታላቁ ከባሕር ተመልሶ ጂፑን እስኪወስድበት ድረስ ለዓመታት የነዳውም፣ በየመንገዱ የጠገነውም እሱ ነበር።

«ከረመዳን ወዲህ አልተነጋገርንም። ጂፑንም ከጋራዥ ከወጣ ወዲህ በዓይኔ አላየሁት። ግን ያ ሰው ምን እንደሠራ አውቃለሁ! ሽቦውን በጣጥሶ ጣለ፤ ክላክሱን ከመሪው ነቅሎ እንደ ቤት ደወል ጉልበት ሥር ለጠፈው። መኪና እንዲህ ይሠራል?»

«አይሠራም» አለች ራትሚ በትሕትና።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ከጂፑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የጣቢያው አዛዥም እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ገደል የገባ ሾፌር ግንባሩን ነው የሚመታው» ብላ ጀመረች። «ዳርሶኖ ግን የተመታው ከኋላው ነው። ሞቶ ነው መሪው ላይ የተቀመጠው። ክላክሱን የነፋውም እሱ አይደለም፤ በሕይወት ሳለ ያላደረገውን ሞቶ አያደርገውም። ሌላ ሰው አስከሬኑን ጭኖ፣ ማንም እንዳያየው መብራት ሳያበራ ድልድዩ ድረስ ነዳ። ከዚያ መብራቱ የጠፋ እንዲመስል ቢጫውን ሽቦ መነጨቀና ጂፑን ገደል ሰደደው። ሙልያዲ ቢሆን ኖሮ አይሳሳትም ነበር፤ ቢጫው ዛሬ የመጥረጊያው መሆኑን ያውቃል። ሽቦውን የበጠሰው የድሮውን መስመር በቃሉ የሚያውቅ፣ አዲሱን የማያውቅ ሰው ነው። ተጆ ደግሞ የድሮውን ከየት ያውቀዋል? ገና በሳምንቱ የተቀጠረ ነው። የክላክሱም ቦታ ጠፍቶት መሪውን ሲደበድብ ነበር።»

ወደ ኩንቾሮ ዞረች።

«አንተ ግን ጂፑን አላየሁትም፣ ወንድሜንም አላነጋገርኩትም ብለህ፣ ክላክሱ ጉልበት ሥር መሆኑን ነገርከኝ። ማን አሳየህ?»

ሙልያዲ የጂፑን በር ያዘ። አዛዡ ዓይኑን ሳያነሳ «እርስዎ ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» አለው፤ ሙልያዲ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሊሸጠው ነበር» አለ ኩንቾሮ በመጨረሻ። «የአባታችንን ጂፕ። ልለምነው ቤቱ ሄድኩ፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት፤ ከደረጃው ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ልገድለው አልነበረም።»

«ከሰው ተደብቀህ ስትነዳ፣ የለመደ እጅህ ክላክሱን ነፋ። ያ ነው ያጋለጠህ።»

«እጄ አይደለም» አለ። «የመሪውን ብጫነው ዝም አለኝ። መኪናውን አቁሜ፣ እሱን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በጨለማ ዳብሼ ዳብሼ ነው ያገኘሁት። አንድም ቀን አስፈቅዶ የማያውቅ ሰው ነው። እዚያ ብቻውን ልተወው ነው፤ የቦታው ባለቤቶች እንዳይቆጡት ብዬ እኔ አስፈቀድኩለት።»

ራትሚ ካቴናውን አወጣች፤ እጁን ራሱ ዘረጋላት።