የነጠላው ጫፍ

በቀቀኗ ከመቆሚያዋ ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀች።

አደይ የደብተር ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም ነበር። ድምፁን ሰምታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ጓዲት በሽቦ ቤቷ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ክንፎቿ ተዘርግተዋል፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቢጫው ግንባሯ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አያይም።

«እማ! ድረሽ፣ ጓዲት ሞተች!»

እናቷ እናትዓለም ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች መጣች። ከአደይ ጋር ከትምህርት ቤት የመጣችው ጓደኛዋ እሌኒም ከኋላ ገብታ አፏን በእጇ ያዘች።

ጓዲት ከዘጌ ጫካ የመጣች ናት። ስሙን ያወጣላት የአደይ አባት ነው፤ «በዚህ ዘመን ጓድ ያልሆነ ማን አለ? እሷም ጓዲት ትባል» ብሎ። የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሰው በደጅ ሲያልፍ ወይም በር ሲንኳኳ በእናትዓለም ድምፅ «ማነው?» ትላለች። ስንቱ እንግዳ ለወፏ ስሙን ተናግሮ ገብቷል! ሰሞኑን ግን ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ላባዋን ነፍታ ተኮራምታ ነበር የምትውለው።

«ሰሞኑን ማን አያት?» አለች እናትዓለም።

«ወለተ ኪዳን!» አለች እሌኒ ቀልጠፍ ብላ። «ትናንት በመስኮት አይታ ‹እንዴት ታምራለች!› ስትል ሰምቻታለሁ። ‹እግዜር ይጠብቃት› እንኳ አላለችም።»

እናትዓለም መስኮቱን ዘጋችው። ያን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ማለት ከተከለከለ ቆይቷል። ክልከላው ግን ድምፅ ቀነሰ እንጂ ከሰው ሆድ አላወጣውም። የሰፈሩ እንስራና ድስት ሁሉ ከወለተ ኪዳን እጅ የወጣ ነው፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም።

«በልታታለች» አለች እናትዓለም በሹክሹክታ። ከመሳቢያ መቀስ አውጥታ ለአደይ ሰጠቻት። «ሂጂና ከነጠላዋ ጫፍ ቁረጪልኝ። እንዳታይሽ። በእሱ ጢስ ካላጠንናት አትተርፍም።»

«እኔ? እማ፣ እኔ እንዴት…»

«እኔ ከሄድሁ ትነቃለች። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ማን ይጠረጥርሻል?»

አደይ እሌኒን ወደ በሩ ጎተተቻት። «ጋሼ አምባቸውን ጥሪልኝ። የከብት ሐኪሙን።»

«ለወፍ?»

«ክንፍ ያላት ላም ናት በይው፣ ብቻ አምጪው!»

«እሺ። አንቺም ፋራ አትሁኚ፣ ቶሎ ቆርጠሽ ነይ።»

የወለተ ኪዳን ነጠላ ታጥቦ ከአጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጫፉን ወደ አደይ ያውለበልበዋል፤ ቁረጪኝ የሚል ይመስል ነበር። መቀሱን ከሹራቧ ሥር አወጣች።

«ማን ነሽ ልጄ?»

ወለተ ኪዳን ከአጥሩ ማዶ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና እንስራ ታለሳልሳለች። «እጄ ቆሽሿል፣ አልስምሽም። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ጓዲት… ወደቀች። ትንቀጠቀጣለች።»

«እኔን!» ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ያቺ ‹ማነው› ባይ? በረንዳ ላይ ሳለች በደጃችሁ ባለፍሁ ቁጥር ‹ማነው?› ትለኝ ነበር። ‹ወለተ ኪዳን› እላታለሁ። መልሳ ‹ማነው?› ትለኛለች፤ እኔም ‹ወለተ ኪዳን›።» ሳቅ ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «በዚህ ሰፈር ስሜን ከልቡ የጠየቀኝ እሷ ብቻ ናት።»

አደይ መቀሱን መልሳ ሸሸገችው። ምን ብላ እንደተሰናበተች አታስታውስም።

ቤት ስትገባ እናቷ ጓዳ ውስጥ ከሰል ታራግባለች። አደይ ባዶ እጇን ከተመለሰች እናቷ ራሷ ልትሄድ ነው። አደይ ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ከፍታ የእናቷን የቤተ ክርስቲያን ነጠላ አወጣች። ነጠላ ሁሉ ነጭ ነው፤ ቁራጩን አይቶ የማን እንደሆነ ማን ይለያል? ጫፉን ቆረጠችና አጣጥፋ መለሰችው። ጨርቁን ለእናቷ አቀበለቻት።

«ጎበዝ» አለች እናትዓለም።

ከደጅ የብስክሌት ደወል ተሰማ። አምባቸው ቦርሳውን አንግቶ፣ እሌኒን ከኋላው አፈናጦ ደረሰ። እናትዓለም ጨርቁን ጨበጠችው።

ሐኪሙ ጓዲትን በፎጣ ጠቅልሎ አነሣት። «ምን ትበላለች?»

«ሱፍ» አለች አደይ። «ሱፍ ብቻ ነው የምትወደው።»

«እንቁላል ጥላ ታውቃለች?»

«ባለፈው ሳምንት አንድ አግኝቼ ነበር። ግን እንቁላል አይመስልም፤ ቅርፊት የለውም፣ ልፍስፍስ ያለ። ተበላሽቷል ብዬ ጣልሁት።»

አምባቸው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የወፏን ደረት በጣቱ ዳሰሰና የአደይን ጣት ወስዶ አስነካት። ቀጥ ማለት የነበረበት አጥንት ጎብጧል፤ ሲጫኑት እንደ እርጥብ ሸንበቆ ይለምጣል። አደይ ጣቷን ነጥቃ ሸሸች።

«ግድግዳ ትቆረቁር ነበር?»

«ተወኝ!» አለች እናትዓለም። «በረንዳ ላይ ሳለች ኖራውን ፈቅፍቃ ልትጨርሰው! ለአብዮት በዓል ቤት ሁሉ ይቀባ ሲባል አዲሱን እንዳታበላሽብን ብለን ነው ጓዳ ያስገባናት።»

አምባቸው ግንባሩን መታ። «ኖራውን ስትበላ እኮ ራሷን እያከመች ነበር፣ እትዬ እናትዓለም! ኖራውንም ፀሐዩንም አንድ ላይ ነሣችኋት። በአጥንቷ የነበረውን ለእንቁላሉ ሰጥታ ባዶዋን ቀረች። ላም ወልዳ ስትወድቅ አላዩም? ይህም የዚያ ወንድም ነው። ካልሲየም አጥታለች።»

የወፏን ቤት ከበረንዳ አውርዳ ጓዳ ያስቀመጠችው አደይ ራሷ ነበረች።

አምባቸው ከላም መድኃኒት ጠርሙስ ጥቂት ቀድቶ በውኃ አቀጠነና በመንቆሯ ጎን ጠብ ጠብ አደረገላት፤ ወደ ሽቦ ቤቷም መለሳት። «በሽታው ይህ ከሆነ ትነሣለች። ካልተነሣች ሌላ ነገር ነው፤ እኔም አላውቀውም ማለት ነው። ከተነሣች ፀሐይ አውጧት፣ የእንቁላል ቅርፊት አድቅቃችሁ ስጧት፣ ጎመንም።» ዘንዘልማ መንደር የምትጠብቀው ላም ነበረችና ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

እሱ ከበር እንደወጣ እናትዓለም ጨርቁን ፍም ላይ ጣለችው። ጢሱ ተነሣ። ጓዲትን አንዴ አሳላት፤ ፀጥ አለች። አደይና እሌኒ ወደ ሽቦ ቤቱ ጎንበስ አሉ። ከሰሉ አመድ ሲለብስ የወፏ እግር ተኮማተረ፤ ሽቦውን ያዘች። እየተንገዳገደች ተነሣች።

እናትዓለም እልል አለች። ጎረቤት በሩን ሞላው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጓዲት አንገቷን ዘንበል አድርጋ በሰለለ ድምፅ፣

«ማነው?» አለች። ቀጠለችና «ወለተ ኪዳን።»

አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላዋ አማተበች። ቡዳ የበላው ሰው በጢሱ ሲታጠን የበላውን ስም ይለፈልፋል፤ ይህን የማያውቅ በሰፈሩ የለም። እሌኒ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች።

«ሰማችሁ?» አለች እናትዓለም። «በገዛ ነጠላዋ ጢስ፣ በገዛ ስሟ!»

«እማ፣ ጋሼ አምባቸው መድኃኒት ሰጥቷት እኮ ነው! ስሙንም የለመደችው…»

«ዝም በይ! ጢሱ ሳይነካት አልተነሣችም። በዓይኔ አየሁ።»

አደይ ሌላውን ቃል ዋጠችው። ጨርቁ ያንቺ ነው ብትል እነዚህ ሁሉ አፎች ወደማን እንደሚዞሩ አሁን ገባት። የቡዳዋ ነጠላ ነው ያዳናት ብለዋል፤ ነጠላው ደግሞ የእናቷ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አደይ ውኃ ልትቀዳ ቦኖው ዘንድ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ወለተ ኪዳን ከሰልፉ ፊት ቆማለች፤ ከኋላዋ ለሦስት ሰው የሚበቃ ባዶ ቦታ። ሴቶቹ እንስራቸውን ወደ ኋላ አሽሽተዋል። ያሸሿቸው እንስራዎች ሁሉ የእሷ ሥራ ናቸው። ከሴቶቹ መካከል እናትዓለም ቆማለች።

«ወደዚያ ትቅዳ፣ ወደ ሐይቁ» አለች አንዷ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

«ከሰፈሩም ብትለቅ ደግ ነበር።»

ወለተ ኪዳን አልዞረችም። የቧንቧውን ጠብታ ብቻ ታያለች። ትከሻዋ ግን ዝቅ ብሏል፤ ትናንት እንስራ ሲያለሳልስ የነበረው ያ ቀጥ ያለ ትከሻ።

አደይ ባዶ እንስራዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ሮጠች። ጓዲት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነች፤ የተቀባውን ግድግዳ ትፈቀፍቃለች፤ የሚከለክላት የለም። «ማነው?» አለቻት። አደይ አልመለሰችላትም። ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ሳበች።

ስትመለስ የእናቷን የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ለብሳለች። በአዘቦት ቀን በቤተ ክርስቲያን ነጠላ ቦኖ መምጣቷ ገርሟቸው ሴቶቹ ተያዩ። እንስራዋን አንሥታ በመካከላቸው አለፈችና ባዶው ቦታ ላይ፣ ልክ ከወለተ ኪዳን ጀርባ ቆመች።

«ማነው?» አለች ወለተ ኪዳን፣ ሳትዞር፣ ቀስ ብላ።

«አደይ ነኝ እትዬ።»

ነፋስ ከሐይቁ መጣ። ነጠላውን ገለበጠው። የተቆረጠው ጫፍ ደረቷ ላይ ወጣ፤ መቀሱ የሄደበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለሌሎቹ ሴቶች የተቀደደ ጨርቅ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል።

እናትዓለም አየችው። መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ልጇን። እንስራዋ ከእጇ ሊንሸራተት ሲል በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው።

የአደይ እጅ ወደ ደረቷ ሄደ፤ ጫፉን ሰብስባ ልትወሽቀው። ከዚያ ተወችው። እጇን መልሳ የእንስራዋ አንገት ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗንም ከእናቷ ዓይን ሳትነቅል ቆመች።